ማታ መብራት ያላቸውን ቤቶች መቁጠር፦ የኪራይ አፓርትመንት ሒሳብና የገበያው አካሄድ

አፓርትመንት ገዝቶ ለማከራየት ያሰበ ሰው ቤቱን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ቀን ነው፤ ሻጩ ወይም ደላላው ቁልፍ ይዞ እየመራው። ፀሐይዋ በሳሎኑ መስኮት ትገባለች፣ ቀለሙ ገና ይሸታል፣ ሊፍቱ ያለ ኮሽታ ይወጣል ይወርዳል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ግን በዚያው ቀን፣ ሰው ከሥራ ገብቶ እራቱን በሚያቀርብበት ሰዓት፣ ብቻውን ተመልሶ ይምጣና ከሕንፃው ማዶ ቆሞ መብራት ያላቸውን ቤቶች ይቁጠር። ግንባታው ካለቀ ዓመት ባለፈው ባለ 60 ቤት ሕንፃ ላይ መብራት የሚታየው በ22ቱ ብቻ ከሆነ፣ ሻጩ ዘልሎ ያለፈውን ገጽ አነበበ ማለት ነው።

የጨለሙት 38 ቤቶች ወይ ተከራይ ያጡ ናቸው፣ ወይ “ዋጋው ይጨምርልኛል” ብለው ገዝተው የዘጓቸው ሰዎች ንብረት ናቸው። ለአዲሱ ገዢ የሚያመጡት ጣጣ ግን ያው ነው። ተከራይ ያጣው ባለቤት ዛሬውኑ ይሻማዋል፤ ዘግቶ የተቀመጠው ደግሞ ገንዘብ የቸገረው ዕለት ቤቱን ወደ ገበያ ያወጣል። ገንዘብ ሲጠፋ ደግሞ ከሁሉም እጅ ባንድ ሰሞን ነው የሚጠፋው፤ ስለዚህ የተዘጉት በሮች የሚከፈቱት ባንድ ላይ ነው።

ስለ ኪራይ ቤት ሲወራ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይነሳሉ፦ ስንት ተገዛ፣ በወር ስንት ይከራያል። ሰው የሚያተርፈውም የሚከስረውም ግን በነዚህ በሁለቱ መሐል ባለውና ብዙ ወሬ በማይነሳበት ነገር ነው፤ በወጪ፣ ቤቱ ባዶ በሚቆምባቸው ወራት፣ በወለድና በጊዜ። በተለይ በጊዜ፤ ምክንያቱም በዚህ ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚወስነው በትናንቱ ቁጥር ነው፣ ውጤቱ የሚደርሰው ግን ከነገ ወዲያ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ72ቱ ስንት ይተርፋል?

ምሳሌው በየትኛውም ገንዘብ እንዲሠራ አድርገን እንያዘው። ቤቱ በ1,000 ተገዛ እንበል፤ ወርኃዊ ኪራዩ 6። በዓመት 72 ይሆናል፤ ከተገዛበት ዋጋ 7.2 በመቶ። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው፣ ደላላው የሚያወራው፣ ወዳጅ ለወዳጁ ቡና ላይ የሚነግረው ይህን ቁጥር ነው።

አሁን እንቀንስ። ተከራይ ሲለቅና ሌላው እስኪገባ ድረስ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢቆም 6 ሄደ፤ 66 ቀረ። የውኃ ማሞቂያ ይበላሻል፣ ቧንቧ ያፈስሳል፣ ግድግዳ ቀለም ይፈልጋል፤ በጥሩ ዓመት ትንሽ በክፉ ዓመት ብዙ ቢሆንም፣ ለጥገና በአማካይ 8 እንያዝለት፤ 58። ለጥበቃ፣ ለሊፍት፣ ለደረጃ መብራትና ለጽዳት የሚዋጣው የጋራ መዋጮ 5፤ 53። ለግብርና ለመድን 5፤ 48። ተከራይ ለሚያፈላልግ ወይም ቤቱን ለሚያስተዳድር ሰው 3፤ እጅ ላይ የቀረው 45 ነው። 7.2 በመቶ የተባለው 4.5 በመቶ ሆነ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ምንም አደጋ አልደረሰም፤ ኪራይ ያልከፈለ ሰው የለም፣ የተቃጠለ ነገር የለም። ተራ ዓመት ነው።

ብዙዎች የሚረሱት የማይታየውን ጥገና ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ይታያል፤ ሊፍት ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያረጀ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሲሞላው “ሙሉ በሙሉ ይቀየር” የሚል ደብዳቤ ሆኖ ይመጣል። ጣሪያም እንደዚያው። በቂ የጥገና ተቀማጭ የሌለው የጋራ ሕንፃ መዋጮው ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱም ለገዢ ማባበያ ይሆናል። እኔ ግን መዋጮው አነስተኛ የሆነ አሮጌ ሕንፃ ሳይ፣ ያልተከፈለ ዕዳ በሌላ ስም የተቀመጠ ይመስለኛል።

ባዶ ስለሚቆምበት ወር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ አከራዮች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ያው በ6 የሚከራየው ቤት ባለቤቱ “ዘንድሮ 6 ተኩል ካልሆነ አልሰጥም” ብሎ ቢጠብቅ፣ አንድ ወር ጠብቆ ቢሳካለት በዓመቱ የሚያገኘው 11 ጊዜ 6.5፣ ማለትም 71.5 ነው። ወዲያው በ6 አከራይቶት ቢሆን 72 ያገኝ ነበር። ሁለት ወር ከጠበቀ 65 ይሆናል። ከ8 በመቶ በላይ ኪራይ ጨምሮ ያገኘው ኪሳራ ነው። አዲሱ ተከራይ ሁለትና ሦስት ዓመት ከተቀመጠ ነገሩ ይካሳል፤ ካልተቀመጠ አይካስም። ስለዚህ ትላልቆቹ አከራይ ድርጅቶች ገበያው ሲቀዘቅዝ የሚጻፈውን ኪራይ ሳይነኩ “የመጀመሪያው ወር በነጻ” ማለት ያዘወትራሉ። ወረቀት ላይ ኪራዩ አልወረደም፤ እውነቱ ግን 12 ወር ኖሮ 11 መክፈል የ8 በመቶ ቅናሽ ነው። በማስታወቂያ ዋጋ ብቻ ገበያውን የሚለካ ሰው ይህን ቅናሽ አያየውም።

ብድር ሲገባበት

በ45ቱ ላይ ባንክ እናስገባ። ገዢው ከኪሱ 300 አውጥቶ 700 ተበደረ። ወለዱ 3 በመቶ ቢሆን በዓመት 21 ይከፍላል (የዋናውን ብድር ክፍያ ለጊዜው እንተወው)፤ 24 ይቀረዋል። 24ቱ ለ300ው ሲሰላ 8 በመቶ ነው። ቤቱ ራሱ 4.5 እያስገባ ባለቤቱ 8 አገኘ፤ የብድር ጉልበት የሚባለው ይህ ነው። ወለዱ 7 በመቶ ሲሆንስ? 49 ይከፈላል። ከ45 ላይ 49 ሲነሳ ባለቤቱ በየዓመቱ 4 ከኪሱ እየጨመረ ሰው ያኖራል ማለት ነው። ቤቱ ያው ነው፣ ተከራዩም ያው፣ ኪራዩም ያው።

ከ3 ወደ 7 መዝለሉ የተጋነነ ምሳሌ እንዳይመስል፤ አሜሪካ ውስጥ የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ በ2021 ጥር ላይ እስከ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በ2023 ጥቅምት ላይ ወደ 7.8 በመቶ ተጠግቷል። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ መሠረታዊ ወለዱን በ2022 መጋቢት ከዜሮ አካባቢ አንስቶ በ2023 ሐምሌ 5.25–5.50 በመቶ አደረሰው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክም ከዜሮ በታች የነበረውን የተቀማጭ ወለድ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ 4 በመቶ አስገባው። ተለዋዋጭ ወለድ ወይም የአምስት ዓመት ውል የያዙ ባለ ሕንፃዎች ውሉን ሊያድሱ ሲመጡ ያጋጠማቸው ይኸው የ49ና የ45 ሒሳብ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በርካሽ ወለድ ተሽቀዳድመው ከገዙት መካከል በችኮላ ለመሸጥ የተገደዱ ነበሩ።

ወለድ የሚጎዳው በክፍያ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ዋጋውንም ይዞት ይወርዳል። ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ወይም የመንግሥት ቦንድ ተገዝቶበት 5 በመቶ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ማን ነው የሚፈስ ቧንቧና የሚጨቃጨቅ ተከራይ ተቀብሎ በ4.5 የሚረካ? ገዢዎች 5.5 መጠየቅ ሲጀምሩ፣ 45 የተጣራ ገቢ ላለው ቤት የሚከፍሉት 1,000 መሆኑ ይቀርና 818 ይሆናል። ዋጋው 18 በመቶ ወረደ፤ ያን ያህል አያስደነግጥም ይሆናል። ባንኩ ግን 700ውን ይፈልጋል። ባለቤቱ ዛሬ ቢሸጥ ከ300ው የሚተርፈው 118 ነው። ከራሱ ገንዘብ 60 በመቶው ጠፋ። ኪራይ ሳይወርድ፣ ተከራይ ሳይለቅ።

ይህን ሁሉ የደረደርኩት ኪራይ ቤት አያዋጣም ለማለት አይደለም። እንዲያውም ረጅሙን ታሪክ ያየ ሰው ተቃራኒውን ይላል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የ16 የበለጸጉ አገሮችን መረጃ ከ1870 እስከ 2015 ሰብስበው በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ መኖሪያ ቤት የዋጋ ንረት ተቀንሶ በአማካይ በዓመት 7 በመቶ ገደማ አስገኝቷል፤ ከአክሲዮን ጋር ትከሻ ለትከሻ፣ መዋዠቁም ያነሰ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ያ ትርፍ የመጣበት መንገድ ነው። ትልቁ ድርሻ የኪራዩ ነው፤ የቤቱ ዋጋ ጭማሪ ንረቱ ከተቀነሰለት በኋላ አነስተኛ ነበር። “ዋጋው ይጨምራል” ብሎ ገዝቶ የሚዘጋ ሰው ታሪኩ የሰጠውን ትልቁን ቁራጭ ጥሎ ትንሹን እያሳደደ ነው። በዚያ ላይ አማካይ ማለት በሺህ የሚቆጠሩ ከተሞችና ሚሊዮን ቤቶች ተደምረው ነው። የአንድ ሰው አንድ አፓርትመንት አማካይ የለውም፤ ወይ ተከራይ አለበት፣ ወይ የለበትም።

ዘግይቶ የሚደርስ ቤት

የአፓርትመንት ገበያ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚበዛበት ዋናው ምክንያት ግንባታ ጊዜ ስለሚፈጅ ነው። መሬት ይገኛል፣ ንድፍ ይሠራል፣ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ባንክ ያበድራል፣ መሠረት ይቆፈራል፤ ከሐሳቡ እስከ ቁልፉ ድረስ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ይሄዳል። ዛሬ ኪራይ ሲንር አልሚዎች ሁሉ ባንድ ላይ ይነሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ጉድጓድ እያየ አይቆምም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሚያሰላው ዛሬ ባለው ኪራይ ነው። ሁሉም ሕንፃዎች ባንድ ዓመት ሲጨርሱ ያ ኪራይ የለም።

የዚህ ግልጽ ማሳያ የቴክሳሷ ኦስተን ናት። በወረርሽኙ ጊዜ ከቤት መሥራት የጀመሩ ባለሙያዎችና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ወደዚያ ሲጎርፉ ኪራይ ባንድ ዓመት ውስጥ ከሩብ ባላነሰ መጠን ተሰቀለ። አልሚዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ጀመሩ። ሕንፃዎቹ ተጠናቀው ሲመጡ ግን ሰው መምጣቱን ሳያቋርጥ ኪራዩ ወረደ፤ ከጫፉ ሲነጻጸር ከ15 በመቶ በላይ። ፍላጎት አልጠፋም፣ ከተማዋ አልተተወችም፤ ቤት በዛ፣ ይኸው ነው። በመላው አሜሪካም በ2024 ወደ 600,000 የሚጠጉ የአፓርትመንት ቤቶች ተጠናቀዋል፤ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ያልታየ ቁጥር። አብዛኞቹ የተጀመሩት ወለድ ርካሽ በነበረበት በ2021ና በ2022 ነበር።

ወለዱ ሲጨምር አዲስ የሚጀመረው ሕንፃ ብዛት በጣም ቀነሰ። ጋዜጦች “ኪራይ ወረደ፣ አፓርትመንት በዛ” የሚል ርዕስ በሚያወጡበት በዚያው ወር፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሊያልቅ የሚገባው ሕንፃ ሳይጀመር ይቀራል። ገበያውን በጥሞና የሚያነብ ሰው የሚመለከተው የዛሬውን ኪራይ ብቻ አይደለም፤ ስንት ፈቃድ ወጣ፣ ስንት መሠረት ተቆፈረ፣ ከተቆፈረው ስንቱ ቆመ የሚለውን ነው። ኢንቨስተር ነኝ የሚል ሰው ሰፈሩን በእግሩ ዞሮ ክሬን ቢቆጥር ከብዙ ትንበያ የተሻለ ያውቃል። የሚንቀሳቀስ ክሬንና የቆመ ክሬን ደግሞ ለየብቻ ነው የሚቆጠረው።

የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ ሌላ ትምህርት አላት። በ2016 የከተማዋ ፕላን ተለውጦ ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ በሚሆነው ላይ በፊት ከሚፈቀደው በላይ ቤት መሥራት ተፈቀደ። ግንባታው ተመነደገ፤ ኪራዩም ያለ ለውጡ ሊደርስበት ይችል ከነበረው ዝቅ ብሎ እንደቆየ ጥናቶች አሳይተዋል። “እዚህ ሰፈር መሬት የለም፣ ስለዚህ ዋጋው አይወርድም” የሚለው የደላላ ቃል ከመሬት ይልቅ በሕግ ላይ የቆመ መሆኑን ይህ ያሳያል። አንድ ፎቅ ብቻ ይፈቀድ በነበረበት ቦታ ስድስት ሲፈቀድ፣ መሬት ከሰማይ ባይወርድም ቤት ይበዛል።

ተከራዩ ማን ነው?

እዚህ ላይ ረጅም መጻፍ አያስፈልግም። የቤት ዋጋ ከደመወዝ ሲርቅ ሰው ለመግዛት የሚቆጥብበት ዓመት ይረዝማል፤ በዚያው ልክ ተከራይ ሆኖ ይቆያል። የሚጋባበት ዕድሜ ገፋ፣ ብቻውን የሚኖረው በዛ፣ የቤተሰብ ቁጥር አነሰ፤ ስለዚህ ሕዝብ ባይጨምርም የሚፈለገው በር ይጨምራል። በርካሽ ወለድ የገዙ ባለቤቶች ብድራቸውን ላለመተው ቤታቸውን አይሸጡም፤ ለሽያጭ የሚቀርበው ሲያንስ ገዢ መሆን የነበረበት ሰው ተከራይ ሆኖ ይከርማል። ከቤት መሥራት የለመደ ተከራይ ደግሞ ለአንዲት ጠረጴዛ የምትሆን ጥግና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይጠይቃል። ትንንሾቹ ስቱዲዮዎች በካሬ ሲሰላ ከሁሉ የበለጠ ኪራይ ያስገባሉ፤ ተከራያቸው ግን ቶሎ ቶሎ ይለቃል፣ ባዶ ወሩም ያንኑ ያህል ይመላለሳል። ባለ ሁለት መኝታው በካሬ ያነሰ ያስገባል፤ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ ግን በየዓመቱ አይነሳም።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጣሪያ አለ፦ ኪራይ የሚከፈለው ከደመወዝ ነው። የቤት መሸጫ ዋጋ በብድርና በተስፋ ሊናር ይችላል፤ ኪራይ ግን በወሩ መጨረሻ ከሚገባ ገንዘብ ውጪ የሚወጣበት ኪስ የለውም። ዋጋ ከኪራይ በጣም ሲርቅ፣ ማለትም አንድን ቤት ለመግዛት የ15 ዓመት ኪራዩ ይበቃ የነበረው 30 ሲደርስ፣ ሁለቱ አንድ ቀን መቀራረባቸው አይቀርም። የሚቀራረቡት ደግሞ ኪራዩ ዘሎ በመውጣቱ ብቻ አይደለም።

ሕጉ ሲመጣ

ኪራይ ከደመወዝ ላይ የሚወስደው ሲበዛ ጉዳዩ ከገበያ ወጥቶ ወደ ምርጫ ይገባል። በብዙ አገሮች ለኪራይ ከገቢው 30 በመቶ በላይ የሚከፍል ቤተሰብ ሸክም በዝቶበታል ተብሎ ይቆጠራል። ከተማው ውስጥ የሚበዛው ተከራይ ከዚያ መስመር ሲያልፍ፣ ኢንቨስተሩ ስለ ኪራይ ጭማሪ ሳይሆን ስለሚወጣው ሕግ ማሰብ አለበት። እኔ እንደማየው ትንንሽ ባለ ቤቶች ከሁሉ ያነሰ የሚያስቡበት አደጋ ይህ ነው።

በርሊንን እንይ። ከነዋሪዎቿ የሚበዙት ተከራዮች ናቸው። በ2020 የካቲት ኪራይን የሚያስቆምና ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን የሚያስቀንስ የከተማ ሕግ ወጣ። ሕጉ በሸፈናቸው ቤቶች ኪራይ ወረደ፤ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያም አብሮ ጠፋ። ያለው ተከራይ ቤቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ሕጉ ያልነካቸው አዳዲስ ቤቶች ኪራይ ናረ። በ2021 ሚያዝያ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት “ይህን የማውጣት ሥልጣን የፌዴራሉ እንጂ የከተማው አይደለም” ብሎ ሻረው፤ የተቀነሰላቸው ተከራዮች ልዩነቱን መልሱ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ነገሩ በዚህ አልበረደም። በዚያው ዓመት መስከረም በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ከ59 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ3,000 ቤት በላይ ያላቸው ኩባንያዎች ንብረት ካሳ ተከፍሎ ወደ ሕዝብ ይዙር አሉ። ውሳኔው መንግሥትን የሚያስገድድ ባይሆንም ለባለ ሀብቱ የተላለፈው መልእክት ግልጽ ነበር።

ቦነስ አይረስ የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። በ2020 የወጣው የአርጀንቲና ሕግ የኪራይ ውል ከሦስት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ብቻ በመንግሥት መለኪያ እንዲሆን አዘዘ። ንረት በዝቅተኛ ቁጥር በሚሄድበት አገር ይህ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ በ2023 ከ200 በመቶ ባለፈ ንረት ውስጥ ግን በዓመት አንዴ መጨመር ማለት ለአከራዩ ኪራዩ በየወሩ ሲሟሟ ማየት ነበር። ባለ ቤቶች ወይ ሸጡ፣ ወይ በዶላር ለእንግዳ አከራዩ፣ ወይ ዘጉ። በ2023 ታኅሣሥ ሕጉ ሲሻር ለኪራይ የሚቀርቡ ቤቶች ባጭር ጊዜ በዙ፤ ኪራይን የመወሰን ነጻነቱ ግን ደመወዙ ላልጨመረለት ተከራይ እፎይታ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ከሁለቱ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የሳን ፍራንሲስኮ ማስረጃ ነው፤ ሁለቱንም ወገን ስለሚቆነጥጥ። በ1994 የኪራይ ቁጥጥሩ ከ1980 በፊት ወደ ተሠሩ ትንንሽ ሕንፃዎችም እንዲደርስ ተደረገ። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ሲከታተሉት፣ ቁጥጥሩ የደረሰላቸው ተከራዮች በቤታቸውና በሰፈራቸው የመቆየት ዕድላቸው በግልጽ ጨምሮ ተገኘ፤ ለነሱ ሕጉ ሠርቷል። ባለ ቤቶቹ ግን ቤቱን ለሽያጭ በማዞርና አፍርሶ በመሥራት ከገበያ ያወጡት የኪራይ ቤት 15 በመቶ ደረሰ፤ በከተማዋ በጠቅላላው ኪራይ 5 በመቶ ገደማ ጨመረ። ቀድሞ የገባው ተጠቀመ፤ ኋላ የመጣው ከፈለ።

ቪየና ደግሞ ክርክሩን ከሥሩ ትለውጠዋለች። ከተማዋ ራሷ ወደ 220,000 የሚጠጉ ቤቶች ታከራያለች፤ የከተማ አስተዳደሩንና ትርፋቸው በሕግ የተገደበ ማኅበራትን ቤቶች ደምሮ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በነዚህ ነው። እዚያ የግል አከራይ የሚወዳደረው ከጎረቤቱ አከራይ ጋር ብቻ ሳይሆን ትርፍ ከማያሳድድ ባለ ቤት ጋርም ነው። ኪራይ ሲሰቀል ትርፍ የሚያፍሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ፣ መጀመሪያ በከተማው ትልቁ አከራይ ማን እንደሆነ መጠየቅ ያሻል።

ለእንግዳ በአዳር ማከራየት የሚባለውም ወደዚሁ እየተጠጋ ነው። ብዙ ሰው የቤቱን ዋጋ ያሰላው በአዳር ገቢ ነበር። ኒው ዮርክ ከ2023 መስከረም ጀምሮ ከ30 ቀን በታች ማከራየትን በምዝገባና በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ስታጥር አብዛኛው ማስታወቂያ ወረደ። ባርሴሎና ከ10,000 በላይ የሆኑትን የቱሪስት አፓርትመንት ፈቃዶች በ2028 መጨረሻ ላይ ላለማደስ መወሰኗን በ2024 አሳወቀች። በአዳር ሒሳብ የተገዛ ቤት በወር ኪራይ ብድሩን ይሸፍናል ወይ? ይህን ጥያቄ ከመግዛቱ በፊት ያልጠየቀ ሰው ትርፉን በአንድ የምክር ቤት ስብሰባ ላይ አስይዞታል።

ትልልቆቹ ምን አላቸው?

ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በባንክ የተወረሱ ቤቶችን በጅምላ እየገዙ የሚያከራዩ ኩባንያዎች ተነሡ፤ አውሮፓም ከመንግሥት የተገዙ አፓርትመንቶችን በመቶ ሺዎች የያዙ ድርጅቶች አሏት። ቤት ሳይገዙ የኪራይ ገቢ ለመካፈል የሚያስችሉት፣ ገቢያቸውን አብዛኛውን ለባለ አክሲዮን የማከፋፈል ግዴታ ያለባቸው የሪል ስቴት ኢንቨስትመንት ድርጅቶች አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተፈቀዱት በ1960 ነው፤ ዛሬ በብዙ አገሮች አሉ። ለትንሽ ቁጠባ ይህ መንገድ ከአንድ አፓርትመንት የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ ቧንቧ ፈነዳ ብሎ እሑድ ጠዋት የሚደውል የለም። አክሲዮኑ ግን በየቀኑ ስለሚተመን ውድቀቱ በዓይን ይታያል። ቤት የያዘ ሰው ዋጋው ሲወድቅ የሚነግረው ስለሌለ ብቻ የተረጋጋ ይመስለዋል።

ትላልቆቹ ከትንሹ ባለ ቤት የሚበልጡት በመረጃ ነው። ኪራይ የሚተምኑት በሶፍትዌር ነው፤ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም አከራዮች በአንድ ፕሮግራም ምክር ኪራይን አብረው ከፍ አድርገዋል በሚል በ2024 ነሐሴ አንዱን የሶፍትዌር ኩባንያ ከሷል። ትንሹ ባለ ቤት የሚበልጣቸው በአንድ ነገር ነው፦ ተከራዩን በስሙ ያውቀዋል። ጥሩ ተከራይ ውሉን ሊያድስ ሲመጣ በ6ቱ ላይ 0.2 ብቻ ቢጨምርበት፣ ካላሳደሰው የሚያጣው አንድ ባዶ ወር፣ አንድ ዙር ቀለምና አንድ የደላላ ኮሚሽን መሆኑን አስልቶ ነው። ኪራይ በልኩ ጨምሮ የሚፈሰውን ቧንቧ በሁለት ቀን ያሠራ አከራይ ባዶ ወር ሳይነካው ዓመታት ሊያልፍ ይችላል።

ወደዚያ ባለ 60 ቤት ሕንፃ እንመለስ። መብራቱን ቆጥሮ የጨረሰው ገዢ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ይቀረዋል። አንደኛው ሊገዛው ያሰበው ቤት መታጠቢያ ክፍል ጣሪያ ጥግ ነው፤ ከሌላው ይልቅ የነጣ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ክብ ካለ፣ ላይኛው ፎቅ ውኃ እንደሚያፈስስና ሻጩም እንደሚያውቅ ይነግረዋል። ሁለተኛው ከደረጃው የሚወርድ፣ ቆሻሻ ሊጥል የወጣ ተከራይ ነው። “ስንት ዓመትዎ ነው እዚህ ከገቡ?” ብሎ ይጠይቀው። ቀጥሎም ዘንድሮ ስንት ጎረቤት እንደለቀቀ፣ ለምን እንደለቀቀ። ሰውየው “አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ሊፍቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረን” ካለ አንድ ዓይነት ሕንፃ ነው፤ “እኔም በወሩ መጨረሻ ልወጣ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው አዲሱ የመጀመሪያውን ሁለት ወር በነጻ እየሰጠ ነው” ካለው ደግሞ ሌላ። ያን ጊዜ ገዢው መንገዱን ተሻግሮ የዚያኛውንም ሕንፃ መብራት ይቁጠር።